ቆጠራው ከዱቄቱ ይጀምር

ጎንደር ውስጥ የስኳር ሕመም ለተገኘበት ወይም ክብደቱን መቀነስ ለፈለገ ሰው ዛሬ ሁለት ምክሮች ተከታትለው ይደርሱታል። አንደኛው እንጀራና ዳቦ፣ ባጠቃላይ ካርቦሃይድሬት የበዛበትን ምግብ ቀንስ የሚል ነው። ሁለተኛው የምትበላውን በስልክህ መዝግብ ይላል። ማይፊትነስፓል፣ ክሮኖሜተር፣ ካርብ ማኔጀርና መሰሎቻቸው የሆኑት አፖች ለዚህ የተሠሩ ናቸው፤ የበላነውን ስንነግራቸው ካሎሪውን፣ ፕሮቲኑን፣ ስቡንና ካርቦሃይድሬቱን ደምረው ያሳዩናል። ችግሩ የሚመጣው መፈለጊያው ላይ «ጤፍ» ብለን ስንጽፍ ነው። ከሚመጡት መልሶች አንዱ ያልበሰለ ጤፍ ነው፤ በ100 ግራም 73 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። ሌላው በውሃ የበሰለ ጤፍ ነው፤ በ100 ግራም 20 ግራም ገደማ። 300 ግራም የሚመዝን አንድ እንጀራ የበላ ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ 219 ግራም ይመዘገብለታል፣ ሁለተኛውን ቢመርጥ 60። ትክክለኛው መጠን ግን ከታች የሚመጣው ስሌት እንደሚያሳየው 90 አካባቢ ነው። ስለዚህ አንዱ ምርጫ ያለ ምክንያት ያስፈራል፣ ሌላው ያዘናጋል፤ ሁለቱም ስልኩ ላይ እኩል የታመኑ መስለው ይታያሉ። የዚህ ዳሰሳ ክርክር አንድ ነው፦ የእኛን ምግብ በትክክል መመዝገብ የሚቻለው በገበታ ላይ ካለው ከበሰለው ምግብ ተነሥተን ሳይሆን ወደ ቡኾው ወይም ወደ ድስቱ ከገባው ደረቅ እህልና ጥሬ ዕቃ ተነሥተን ነው። ሌላው ሁሉ፣ የአፑ ዓይነትም ሆነ የእህሉ ስም፣ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡ መታየት አለበት። ኢትዮጵያ የራሷ የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ የሌላት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን አላት፣ ያውም ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ቀድማ። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ጉናር ኦግሬንና ሮዛሊንድ ጊብሰን ያዘጋጁትን የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ በ1968 አወጣ። ተጨማሪ ክፍሎች በ1990ዎቹ ተዘጋጅተው ወጡ፤ ሥራውም ዛሬ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ሰንጠረዡ ጤፉን በቀለሙ ለይቶ፣ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ቆሎውን በየስማቸው ይዟል። በአፖቹ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ግን እርሱ አይደለም። አፖቹ ሁለት ምንጮች አሏቸው፤ አንዱ እንደ አሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ያለው የታላላቅ ተቋማት መረጃ ሲሆን፣ ሌላው ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሚያስገቡት ነው። የመጀመሪያው ጤፍን እንደ እህል ያውቀዋል እንጂ ከእኛ ምጣድ የወጣውን እንጀራ አያውቀውም። ሁለተኛው እንጀራን በስም ያውቀዋል፤ ያስገባው ሰው ግን የትኛውን እንጀራ፣ በምን ክብደት፣ ከምን ሰንጠረዥ ወስዶ እንዳስገባ አይነግረንም። «አንድ እንጀራ» የሚለው መስፈሪያ ለአንዱ በሰሜን አሜሪካ ምግብ ቤት በትንሽ ሰሐን የሚቀርበው ነው፤ ለሌላው ከቤት ምጣድ ወጥቶ መሶብ የሚሞላው ነው።

በሰንጠረዡ የታተመው ቁጥር ራሱ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅም ግድ ነው። በአብዛኞቹ ሰንጠረዦች ካርቦሃይድሬት በቀጥታ አይለካም፤ ውሃው፣ ፕሮቲኑ፣ ስቡና አመዱ ይለካና ከ100 ተቀንሶ የተረፈው ካርቦሃይድሬት ይባላል። ስለዚህ በአራቱ ልኬቶች ላይ የሚፈጠር ስህተት ሁሉ ተጠራቅሞ የሚያርፈው ካርቦሃይድሬቱ ላይ ነው። አንጀት የማይፈጨው አሰር፣ ብዙዎች ፋይበር የሚሉት፣ በዚያው ተረፈ ቁጥር ውስጥ ይገባል። በድሮዎቹ ሰንጠረዦች አሰር ለብቻው ሲጻፍም በአሲድና በአልካሊ ተቀቅሎ የቀረው ብቻ ይለካ ስለነበር ዛሬ በሚታወቀው ዘዴ ከሚገኘው እጅግ ያንሳል። በሰንጠረዦቻችን የሚታየው የጤፍ ብረት ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል፤ በአንዳንዱ ናሙና የተገኘው እጅግ ከፍ ያለ ቁጥር በአብዛኛው ከእህሉ ሳይሆን በአውድማ ከተቀላቀለው አፈር የመጣ መሆኑን ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ይህን የምለው ሰንጠረዡን ለማጣጣል አይደለም። ያለ እርሱ መነሻ አይኖረንም ነበር። ግን ማንኛውም ቁጥር እንዴት እንደተለካ ካልታወቀ ከሌላ ቁጥር ጋር ሊደመርም ሊነጻጸርም አይገባም።

በዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ለሚመገብ ሰው ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚሁ ላይ ነው። በአሜሪካ አሠራር «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» አሰሩን ይጨምራል፤ ተመጋቢው አሰሩን ቀንሶ የተጣራውን ያገኛል። በአውሮፓ ኅብረት የማሸጊያ ጽሑፍ ግን ካርቦሃይድሬት ተብሎ የሚጻፈው አሰሩ አስቀድሞ የወጣለት ነው። አፖቹ ሁለቱን አሠራሮች በአንድ ዝርዝር ውስጥ ቀላቅለው ያቀርባሉ። ተልባን እንውሰድ። በአሜሪካው ሰንጠረዥ 100 ግራም ተልባ 28.9 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚህ ውስጥ 27.3ቱ አሰር ነው። የተጣራው 1.6 ግራም ብቻ ማለት ነው። ጠቅላላውን ብቻ የሚያይ ሰው ተልባን እንደ እህል ቆጥሮ ይተወዋል፤ በጾም ወራት ከሚረዱት ጥቂት ምግቦች አንዱን ያጣል። በተቃራኒው በአውሮፓ አሠራር የተመዘገበውን ተልባ መርጦ አሰሩን እንደገና የሚቀንስ አፕ ከዜሮ በታች 26 ግራም የሚሆን ቁጥር ላይ ይደርሳል፤ ያም በዕለቱ ድምር ውስጥ ገብቶ የሌላውን ምግብ ካርቦሃይድሬት በስውር ይበላዋል። ከመተማና ከሁመራ የሚመጣው ሰሊጥም እንዲሁ ነው፤ ከ23 ግራሙ ግማሹ አሰር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከሁለቱ አሠራሮች አንዱን መርጦ ሁሉንም ምግብ በዚያው መመዝገብ፣ አሰሩ ከካርቦሃይድሬቱ በልጦ የሚታይበትን ማንኛውንም መዝገብ ደግሞ አለመጠቀም።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ፤ የነገሩ ዋና ክፍል ይህ ነውና። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ይህ ውሃ ከቤት ቤት፣ ከቀን ቀን ይለያያል፤ ሊጡ ቀጠን ካለ፣ አክንባሎው ቶሎ ከተነሣ፣ እንጀራው መሶብ ውስጥ ካደረ፣ በክረምት ወይም በበጋ ከተጋገረ ክብደቱ ሌላ ነው። ሁለት እንጀራዎች እኩል 300 ግራም መዝነው አንደኛው 60 በመቶ፣ ሌላው 68 በመቶ ውሃ ቢሆን፣ የተጣራ ካርቦሃይድሬታቸው 86 ግራምና 69 ግራም ይሆናል። ሚዛን ላይ አኑሮ የመዘነውም ሰው እንኳ በዚህ ምክንያት ብቻ በአንድ እንጀራ 17 ግራም ይስታል፤ በጥብቅ የኬቶ አመጋገብ ለሙሉ ቀን ከሚፈቀደው ከ20 እስከ 50 ግራም ጋር ሲነጻጸር ይህ ትንሽ አይደለም። ዱቄቱ ግን አይለዋወጥም። ደረቅ የጤፍ ዱቄት በኪሎ 731 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፣ 80 ግራሙ አሰር ነው፤ የተጣራው 651 ግራም ይሆናል። አንድ ቤት 5 ኪሎ ዱቄት አቡክቶ 40 እንጀራ ቢያወጣ፣ 3,255 ግራም ለ40 ተካፍሎ ለአንድ እንጀራ 81 ግራም የተጣራ ካርቦሃይድሬት ይደርሳል፤ አሰሩ ሲጨመር 91። እንጀራው ቢወፍር ቢቀጥን፣ ቢደርቅ ቢረጥብ ይህ አማካይ አይናወጥም። ለዚህ የሚያስፈልገው ዱቄቱን አንድ ጊዜ መመዘንና እንጀራውን መቁጠር ነው። ሁለተኛውን እናቶች ሁልጊዜ ያደርጉታል፤ የሳምንቱ ሊጥ ስንት እንጀራ እንደሚወጣው የማያውቅ ቤት የለም። በአፑ ውስጥ «የራሴ ምግብ» በሚለው ቦታ ይህን አንድ ጊዜ አስገብቶ «የቤታችን እንጀራ» ብሎ መሰየም ከሺህ የሰው መዝገብ ይበልጣል። እንጎቻው ከሌሎቹ ስለሚያንስ እርሱን እንደ ግማሽ መቁጠር ይበቃል።

የዚህ ዘዴ ሌላው ጥቅም ስጋታችንን ወደ ትክክለኛው ቦታ መመለሱ ነው። በጎንደርና በባሕር ዳር ቤቶች ጤፍን ከፎገራ ሩዝ፣ ከዳጉሳ ወይም ከማሽላ ጋር ማቀላቀል የተለመደ ነው፤ ሰዎችም ብዙ የሚጨነቁት ስለ ቅልቅሉ ነው። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። የማሽላ የተጣራ ካርቦሃይድሬት በኪሎ 654 ግራም አካባቢ ነው፤ ከጤፍ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። የነጭ ሩዝ ከፍ ብሎ 787 ይደርሳል፤ ሆኖም ከዱቄቱ ሲሶው ብቻ ሩዝ ቢሆን ከኪሎ ስምንት እንጀራ በሚያወጣ ቤት ልዩነቱ ለአንድ እንጀራ ስድስት ግራም ያህል ነው። በውሃ ግምት ከሚፈጠረው ስህተት፣ የአንዱን እንጀራ ስፋት ካለማወቅም ከሚመጣው እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ማኛ ነው ወይስ ሠርገኛ ከሚለው ጥያቄ በፊት ስንት ነበር ዱቄቱ የሚለው ይቅደም። ይህ ማለት ቅልቅሉ ለሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ለብረትና ለፕሮቲን፣ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ለካርቦሃይድሬት ቆጠራ ግን ሁለተኛ ደረጃ ነው።

ከደጋው የሚመጣው እንጀራ ግን ለብቻው መታየት ይገባዋል። ከዳባትና ከደባርቅ ወደ ላይ፣ በጃናሞራና በበየዳ፣ ጤፍ የማይደርስበት ከፍታ ላይ የሚበላው የገብስ እንጀራ ነው። የከተማ ሰው የገብስ እንጀራን ከጤፍ በታች አድርጎ የማየት ልማድ አለው። ከካርቦሃይድሬት አንጻር ይህ ልማድ መሠረት የለውም። ሙሉ ገብስ በ100 ግራም 73.5 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲኖረው 17.3ቱ አሰር ነው፤ የአሰሩ መጠን ከጤፍ እጥፍ ይበልጣል። ደረቁ ክፍል ብቻ ሲታሰብ የጤፍ የተጣራ ካርቦሃይድሬት 71 በመቶ ሲሆን የገብሱ 62 በመቶ ነው። ገብሱ ተፈትጎ ገለባው ሲወጣ ከአሰሩ የተወሰነው እንደሚቀንስ እሙን ነው፤ ቢሆንም ብዙው በፍሬው ውስጥ ይቀራል፣ የገብስ አሰር ደግሞ በከፊል የደም ስኳርን አነሣስ የሚያዘገየው ዓይነት ነው። ከዚሁ ጋር ከተማ ውስጥ ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች እንደ ፕሮቲን ምግብ የሚጠጡት በሶ የገብስ ዱቄት መሆኑን መርሳት የለባቸውም፤ 60 ግራም በሶ ከ34 ግራም ያላነሰ የተጣራ ካርቦሃይድሬት ይዞ ይመጣል፣ የሚጨመረው ስኳርና ማር ሳይቆጠር። እንጀራ የደም ስኳርን በምን ፍጥነት ያነሣል ለሚለው ጥያቄ ግን እስካሁን አንድ መልስ አልተገኘም። በሰው ላይ የተሠራ ጥናት የጤፍ እንጀራን ዝቅተኛ አድርጎ አስቀምጦታል፤ በላቦራቶሪ የመፈጨት ሙከራ ደግሞ ከፍተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ልዩነት እስኪፈታ ድረስ ጤፍ ስለሆነ ስኳር አያነሣም ብሎ መጠኑን ሳይመዘግቡ መተው ተገቢ አይደለም።

ወደ ወጡ ስንሄድ ስህተቱ አቅጣጫውን ይለውጣል። እንጀራው ላይ የምንስተው ብዙ ጊዜ አብዝተን ወይም አሳንሰን ነው፤ ወጡ ላይ ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አሳንሰን ነው። ዶሮ ወጥ ሥጋና እንቁላል ስለሆነ ካርቦሃይድሬት የለውም ተብሎ ይመዘገባል። ቁሌቱ ግን ሽንኩርት ነው። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ የተላጠ ሽንኩርት የሚያበስል ቤት 186 ግራም ካርቦሃይድሬት ድስቱ ውስጥ አስገብቷል፤ ለ12ቱ ብልት ሲከፈል ለአንድ ድርሻ 15 ግራም ተኩል፣ አሰሩ ሲወጣ 13 ግራም ያህል ይሆናል። ሁለት ብልት ከነመረቁ የበላ ሰው እንጀራ ሳይነካ እንኳ የጥብቁን አመጋገብ የቀን ዝቅተኛ ወሰን አልፏል። ሽሮም እንደ ፕሮቲን ምግብ ብቻ ይታያል፤ የሽንብራ ዱቄት ግን በ100 ግራም 58 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፣ 11 ግራሙ አሰር። ወጡን ጭልፋ በጭልፋ ከመገመት ይልቅ ድስቱ ውስጥ የገባውን ዱቄት ለተመጋቢዎች ማካፈል እዚህም ይሠራል። ከጥራጥሬዎቻችን መካከል በእውነት ዝቅተኛ የሚባለው ግብጦ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚበቅለው ይህ ጥራጥሬ ምሬቱ እስኪወጣ ለቀናት ተዘፍዝፎና ታጥቦ ሲቀርብ፣ የተቀቀለው ግብጦ በ100 ግራም ወደ 10 ግራም ካርቦሃይድሬትና ከ15 በላይ ፕሮቲን አለው፤ የተቀቀለ ሽንብራ 27፣ ምስር 20 ሲሆኑ። የድሃ ምግብ ተብሎ የተናቀ ነገር በዚህ መለኪያ ከሁሉም ይቀድማል፤ ይህን በደንብ የማያስታውቅ የአመጋገብ ምክር ለአገሩ ሰው የተሰጠ ምክር አይመስለኝም። ምሬቱ ያልወጣ ግብጦ መርዛማ ባሕርይ እንዳለው ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም።

ካርቦሃይድሬትን ብቻ የሚያይ መዝጋቢ ካሎሪውን ይስታል። በክትፎ ወይም በዶሮ ወጥ ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 370 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ በካርቦሃይድሬት ዓምድ ላይ ግን ምንም አይታይም። ክብደት ለመቀነስ እንጀራ ትተው ያልቀነሱ ሰዎች ምክንያቱን ከብዙ ቦታ ሳይፈልጉ የቅቤውንና የዘይቱን ማንኪያ ቢመዘግቡ ይበቃቸዋል። መጠጡም እንዲሁ ነው። ጠላና ጠጅ፣ በጎንደር አካባቢ የታወቀው ኮረፌም፣ ከሚቀረው ስኳራቸው በላይ አልኮሉ በግራም 7 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ቡናው ደግሞ በሲኒ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ገብቶበት ከአቦል እስከ በረካ ቢጠጣ 24 ግራም ስኳር ነው። ከጥብቁ አመጋገብ ዝቅተኛ ወሰን ከ20 ግራም ይበልጣል፤ ሳይመዘገብ የሚያልፈው ግን እንደ ምግብ ስለማይታይ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ከባድ የሆኑትን ልመልስ። የመጀመሪያው በአንድ ማዕድ ለሚበላ ሕዝብ ይህ ሁሉ አይሠራም ይላል፤ ትሪው አንድ ነው፣ ጉርሻ አለ፣ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም። እውነት ነው፣ የሳህን ፎቶግራፍ አንሥቶ መጠኑን እንዲገምት የተሠራ አፕ እዚህ ዋጋ የለውም። ከዱቄቱ የሚነሣ ቆጠራ ግን የተሠራው ልክ ለዚህ ነው፤ አራት ሰው አምስት እንጀራ ከጨረሰ የአንዱ አማካይ ድርሻ አንድ ከሩብ ነው፣ ከሌላው የበለጠ ወይም ያነሰ መብላቱን የሚያውቅ ሰው ሩብ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ለጥብቅ አመጋገብ ግን ይህ ስለማይበቃ የራስን እንጀራ አስቀድሞ ጠቅልሎ ከፊት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከወጡ ከሁሉም ጋር መቋደስ ይቻላል። ጉርሻውን መመዝገብ አያስፈልግም። የአንድ ጉርሻ ካርቦሃይድሬት ከውሃው ግምት ስህተት በታች ነው፣ ያን ያህል የጠበቀ ቆጠራም ሰውን ከማዕዱ ከመለየት በቀር አይጠቅምም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሳይንሱ ወገን ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ሕጉ በማሸጊያ ላይ ለተጻፈ ቁጥር 20 በመቶ ያህል ልዩነት ይታገሣል፤ ታዲያ ለአንድ እንጀራ 81 ነው ወይስ 86 ብሎ መጨነቅ ምን ዋጋ አለው? ተቃውሞው ግማሽ ትክክል ነው። አንድ ቀን የበዛ ሌላ ቀን የሚያንስ ስህተት በወሩ መጨረሻ ራሱን ያቻችላል። አደገኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደው ነው። እንጀራውን ሁልጊዜ «የበሰለ ጤፍ» ብሎ የሚመዘግብ ሰው በየእንጀራው ከ20 ግራም በላይ አሳንሶ ይጽፋል፤ በቀን ሁለት ቢበላ በወር ከ1 ኪሎ ካርቦሃይድሬት በላይ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። ከዱቄቱ መነሣት የሚያጠፋው ይህን ዓይነቱን ስህተት ነው። የቀረውን፣ የዕለት የዕለቱን መዋዠቅ፣ መተው ይቻላል። ሦስተኛው ተቃውሞ እርሾው ካርቦሃይድሬቱን ይበላዋል፣ ስለዚህ የዱቄቱ ቁጥር ከእንጀራው ይበልጣል የሚል ነው። ይህም እውነት አለው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ከስኳሩ የተወሰነው ወደ አሲድና ወደ ጋዝ ይለወጣል፣ ከላይ የሚንሳፈፈው እርሾ ተቀድቶ ሲጣልም አብሮት የሚወጣ አለ፤ አድሮ የቀዘቀዘ እንጀራም ከስታርቹ ጥቂቱ ለመፈጨት ያስቸግራል። ሆኖም የእንጀራው አብዛኛው ካርቦሃይድሬት ስታርች ነው፣ እርሱም በቡኾው አልፎ ምጣድ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የዱቄቱ ቁጥር የላይኛው ጣሪያ ነው ብሎ መያዝ ይበጃል፤ ስኳር ለመቆጣጠር ለሚመዘግብ ሰው ትንሽ ከፍ ያለ ግምት ከዝቅተኛው ይሻለዋል። ኢንሱሊኑን በምግቡ መጠን እያሰላ ለሚወጋ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከፍ ያለ ግምት ከሚያስፈልገው በላይ ኢንሱሊን ያስወጋዋልና፣ ቁጥሩን ከሐኪሙ ጋር ሆኖ በደም ስኳር ልኬቱ ማረም ይኖርበታል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ለማን ነው ይህ ሁሉ የሚለው ነው፤ በጎንደር ይህ ጥያቄ እንደ ሌላ ቦታ በቀላሉ አይታለፍም። የጎንደር ሆስፒታል ሐኪሞች፣ ከእነርሱም ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ፣ ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት በጎንደርና በጅማ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን መርምረው ነበር። ያዩት ሰው የጠገበና የወፈረ አልነበረም፤ ቀጭን፣ ድሃ፣ በአብዛኛው ወንድ ገበሬ ነበር። ጥያቄያቸውም የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 አውቆት በ1999 ከዝርዝሩ ያወጣው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ሕመም እንደገና ይታይ የሚል ነበር። በ2025 የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህን ዓይነት አምስተኛው ዓይነት ብሎ ዕውቅና ሲሰጠው የጎንደሩ ጥያቄ መልስ ያገኘ ያህል ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ካርቦሃይድሬት ቀንስ ማለት ራብ ጨምር ማለት ነው፤ የደጋው ገበሬ ጉልበቱን የሚያገኘው ከገብሱ፣ ከባቄላውና ከድንቹ ነውና። ነገር ግን መመዝገብና መቀነስ አንድ አይደሉም። የአገራችን ሕመምተኛ በአብዛኛው የሚወጋው በጠዋትና በማታ የተወሰነ ኢንሱሊን ነው፤ መጠኑ ከምግቡ ጋር አብሮ አይለዋወጥም። ስለዚህ ለእርሱ የሚያስፈልገው ትንሽ ምግብ ሳይሆን እኩል ምግብ ነው፦ ዛሬም ነገም በየሰዓቱ የሚቀራረብ ካርቦሃይድሬት። ይህን ለማወቅ ስልክ አያስፈልግም፤ በጤና ጣቢያው ያለው ነርስ በቤቱ ያለውን ጣሳ መስፈሪያ አድርጎ ከስንት ጣሳ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደሚወጣ ከሕመምተኛው ጋር ቢያሰላ ያው ነው። ለከተማው ተመጋቢም ማስጠንቀቂያው አይቀርም። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬቱን በአንድ ጊዜ ቢቀንስ የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ መድኃኒቱ አስቀድሞ በሐኪም መስተካከል አለበት። አፑ ይህን አያስጠነቅቅም፤ ዝቅተኛውን ቁጥር በአረንጓዴ ቀለም አሳይቶ ያልፋል።

ጾሙም መዝገቡን ይቀይረዋል። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ አይቡና ቅቤው ሲወጡ ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት የሚመገብ ሰው የሚቀርለት ጎመን፣ አቮካዶ፣ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ተልባና ግብጦ ነው። በዚህ ወቅት በ20 ግራም መኖር እጅግ ይከብዳል፤ ከ130 ግራም በታች መሆን ግን ይቻላል፣ እርሱም በሕክምናው ዓለም ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ከሚባሉት ወሰኖች አንዱ ነው። በጾሙ ወራት ተሸነፍኩ ብሎ መዝገቡን ከመዝጋት ወሰኑን ለጾምና ለፍስክ ለይቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

የቀረው ሥራ የግለሰብ አይደለም። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሰንጠረዦች በአፖች ሊነበቡ በሚችሉበት መልክ፣ አሰሩ በዘመኑ ዘዴ ተለክቶ፣ ለሁሉም ክፍት ሆነው መቅረብ አለባቸው። ለጎንደር ደግሞ ቅርብ የሆነ ሥራ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ባለሙያዎቹን ወደ ቤትና ወደ ገጠር እየላከ ነበር የሚያስተምረው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮም በዳባት ቤተሰቦችን በቋሚነት የሚከታተል የምርምር ጣቢያ አለው። ከከተማው፣ ከዳባትና ከደባርቅ ቤቶች የጤፍ፣ የገብስ፣ የማሽላና የቅልቅል እንጀራ ሰብስቦ መመዘን፣ በ105 ዲግሪ አድርቆ ውሃውን ማወቅ፣ ከኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ እንደወጣ ከእናቶች ጠይቆ መመዝገብ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ማድረቂያ ምድጃ፣ ሚዛንና ተማሪዎች ይበቃሉ። በክረምትና በበጋ ሁለት ጊዜ ቢሠራ የውሃው መዋዠቅ ምን ያህል እንደሆነ ይታወቃል፤ ከዚህ የሚወጣው ሰንጠረዥም በስኳር ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ በእንጀራና በጣሳ ተጽፎ ሊለጠፍ ይችላል።